ጭጋግ የማይደፍረው የፔይንትቦል ማስክ፦ ከፋሲካ ወዲህ ስጠቀምበት የታዘብኩት

ማስኩን የገዛሁት ካለፈው ፋሲካ በኋላ ነው። ዋጋው መቶ ዶላር ገደማ። ከዚያ ወዲህ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሜዳዎች ላይ በሐምሌ ሙቀትም በኅዳር ብርድም አጥልቄዋለሁ። ብራንዱን አልጠራም። በዚህ ዋጋ ያሉት ማስኮች አሠራራቸው ስለሚቀራረብ የምለው ለሌሎቹም ይሠራል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ ቀለም የተሞላች ጥይት በጋዝ ግፊት የሚተኩስ ማርከር ይዞ በቡድን መፋለም ነው። ጥይቷ የጄላቲን ቅርፊት አላት። ውፍረቷ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 3 ግራም አካባቢ ነው። ስትያዝ ምንም አትመስልም። ግን አብዛኞቹ የአሜሪካ ሜዳዎች የሚፈቅዱላት ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 300 ጫማ ነው። በሰዓት ሲሰላ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ጭን ላይ ብታርፍ ክብ ሰንበር ትተዋለች፣ ከቀናት በኋላ ይጠፋል። ዓይን ላይ ብታርፍ ግን ሰውን ልታሳውር ትችላለች። ስለዚህ ማርከሩን ተከራዩ፣ ማስኩን ግን የራሳችሁ አድርጉት።

ምክንያቴ ጭጋግ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ሌንሱ ተሰብሮ ጥይት እንዳይገባ ነው። ደህና ማስክ ላይ ይህ በቀላሉ አይሆንም። ሌንሱ የሚሠራው ከፖሊካርቦኔት ነው፣ ቻይ ነው። ሐኪሞች ስለ ፔይንትቦል የዓይን ጉዳት ሲጽፉም ደጋግመው የሚያነሱት ማስክ ያላደረገውን ወይም ያወለቀውን ሰው ነው። ታዲያ ሰው ጨዋታ መሐል ለምን ያወልቃል? ስለማይታየው ነዋ! የኪራይ ማስክ አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ ባለ አንድ ንጣፍ ነው። በዚህ አካባቢ የበጋ ወበቅ ትንሽ ሮጥ ብላችሁ ከግንድ ኋላ ስትንበረከኩ ትንፋሻችሁ ሌንሱን ያለብሰዋል። ፊት ለፊት ነጭ ብቻ። በዚያች ቅጽበት እጅ ሳይታዘዝ ወደ ማስኩ ይሄዳል፣ «አንዴ ልጥረገው» ተብሎ ከፍ ይደረጋል። ዳኞች ቀኑን ሙሉ «ማስክ! ማስክ!» እያሉ የሚጮኹት በዚህ ነው።

የእኔው ተርማል የሚባለው ዓይነት ነው። ሌንሱ ሁለት ንጣፍ አለው፣ መሐሉ አየር ታፍኗል። የብርድ አገር ቤቶች ድርብ መስኮት እንዳላቸው ማለት ነው። የውስጡ ንጣፍ ከውጪው አየር ስለሚለይ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ትንፋሽም ውሃ ሆኖ አይቀመጥበትም። በዚያ ላይ ጭጋግ የሚከላከል ስስ ቅብ አለው። በሐምሌ ከባድ ወበቅ ውስጥ የታችኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጭጋግ ሲይዝብኝ አይቻለሁ፣ ስነሳና ስራመድ ይጠፋል። ጨዋታ መሐል ከፍ የማድረግ ፍላጎት አድሮብኝ አያውቅም። ለእኔ መቶ ዶላሩ የተከፈለው ለዚህ ነው።

መነጽር የምታደርጉ ግን ስሙኝ። እኔም አደርጋለሁ። ማስኩ ሰፊ ስለሆነ መነጽሬ ከውስጥ ይገባል፣ ጆሮዬንም አይጫነኝም። ችግሩ ሌንሱ ጥርት ብሎ ሳለ መነጽሬ ራሱ ጭጋግ መያዙ ነው። ተርማሉ እሱን አያድነውም። አሁን ከቤት ሳልወጣ መነጽሬን ጭጋግ መከላከያ ፈሳሽ እቀባዋለሁ። ይሻላል፣ ግን ፍጹም አይደለም። ኮንታክት ሌንስ የሚስማማው ሰው ቢሞክር ሳይመቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ሕጉ። ስትገዙ መጀመሪያ የምትፈልጉት ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ኤፍ1776 የሚል ምልክት ነው። ለፔይንትቦል ዓይን መከላከያ የወጣው የአሜሪካ ደረጃ ይህ ነው። ማስኩ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ኦንላይን በርካሽ የሚሸጡ፣ መልካቸው የሚያምር፣ ለኤርሶፍት (በትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት ለሚጫወቱት ጨዋታ) ወይም ለበረዶ ሸርተቴ የተሠሩ መነጽሮች አሉ። ይህን ጥይት እንዲችሉ አልተፈተኑም። ሽቦ ወንፊት ያላቸውንማ አታንሱብኝ፤ ቀለሙም የቅርፊቱ ስባሪም ያልፋል።

የሚገርመው ይህ ደረጃ በፌዴራል ሕግ የታዘዘ አይደለም፤ በፈቃደኝነት የሚከበር ነው። በተግባር የሚያስከብሩት ሜዳዎቹና ኢንሹራንሶቻቸው ናቸው። ሌላ አገር ሌላ ነው። ጀርመን ውስጥ ማርከር በጦር መሣሪያ ሕግ ሥር ይገባል፣ ኃይሉም በ7.5 ጁል ተገድቧል። እዚህ በ300 ጫማ የምትወጣው ጥይት ወደ 12 ጁል ትጠጋለች። ጀርመን ውስጥ ለመግዛትም 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። እዚህ ያለው ልቅነት አንዳንዴ ይደንቀኛል። ለማንኛውም የምጫወትባቸው ሜዳዎች ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ማርከር በፍጥነት መለኪያ ይፈትሻሉ። ከገደቡ ያለፈ ካልተስተካከለ አይገባም።

አያያዙ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተርማል ሌንስ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። በጠርዙ ውሃ ሰርጎ በሁለቱ ንጣፎች መሐል ከገባ ያንን ጭጋግ የሚያወጣው የለም። የመስኮት ማጽጃ፣ በተለይ አሞኒያ ያለበት፣ አትጠቀሙ። ቅቡን ይገፍፈዋል፣ ፕላስቲኩንም ይጎዳል። እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የውስጡን ደግሞ አትፈትጉት፣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ማድረቅ ብቻ። በጋ ላይ መኪና ውስጥ ጥዬው አልሄድም። ሌንስ ዘላለማዊ ዕቃ አይደለም። ከተሰነጠቀ፣ በጥልቀት ከተጫረ ወይም ከቅርብ ርቀት በኃይል ከተመታ ይቀየራል። የፀሐይ ጨረርም ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ትርፍ ሌንስ ከሠላሳ እስከ አርባ ዶላር ነው፤ ማስኩን ከመግዛታችሁ በፊት መቀየሪያው ገበያ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

ቅሬታም አለኝ። ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ በግራ በኩል መላቀቅ ጀምሯል። ላብ ጠጥቶ ስለሚውልም ካልደረቀ ይሸታል። ስፖንጁ ተነቅሎ የሚቀየር ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ የእኔው በሙጫ የተለጠፈ ነው። ማሰሪያው ላልቷል፣ በየጨዋታው ማጥበቅ አለብኝ። ሲሮጡ የሚወዛወዝ ማስክ ደግሞ ማስክ አይባልም። ጆሮን በደንብ ስለሚሸፍን የጓደኛ ድምፅ ይታፈናል፣ እሱን ግን ለምጄዋለሁ።

ለማርከሩ ግፊቱን ስለሚሰጠው ሲሊንደር አንድ ነገር ልጨምር፣ ከማስኩ ጋር አብሮ የሚገዛው ስለበዛ። የታመቀ አየር ሲሊንደር እስከ 4500 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይይዛል። በየአምስት ዓመቱ የግፊት ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ቀኑም ላዩ ላይ አለ። የካርቦን ፋይበሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዓመት በኋላ ጭራሽ አይሞላም። አንድ ጓደኛዬ በርካሽ ያገለገለ ገዝቶ መጣ፤ ሜዳው ቀኑን አይቶ አልሞላም አለው። ተናደደ፣ እውነቱ ግን የነሱ ነበር። ያገለገለ ሲሊንደር ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ቀኑን እዩ። ያገለገለ ማስክ ከገዛችሁም አዲስ ሌንስ ግጠሙበት። የድሮው ስንቴ እንደተመታ ማን ያውቃል?

ይህንኑ ማስክ ደግሜ እገዛው ነበር ወይ? አዎ፣ ስፖንጁ ቢያናድደኝም። በዓመት አንዴ ለልደት ግብዣ ብቻ ለሚጫወት ግን ተርማል የሚያከራይ ሜዳ መፈለግ ይበቃዋል። ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ጥቂት ዶላር አስጨምረው ይሰጣሉ።