ነጭ ወይስ ቢጫ? ማታ ቤት የሚበራ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው መርካቶ አምፖል ልገዛ ገብቼ ልጁ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ነጭ ነው ቢጫ?" አለኝ፣ ቢጫ ስለው አሁን ቀና አለና "ለካፌ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ለመኝታ ቤት ነው ስለው ሳቀብኝ። አልፈርድበትም፣ እኛ አራት ኪሎ ማታ ወጥታችሁ ኮንዶሚኒየሙን ብታዩት መስኮቱ በሙሉ ነጭ ነው። የድሮው አምፖል ኮረንቲ ሲደክም እንዴት ይቀላ እንደነበር የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፣ ቢጫ ማለት የደከመ መብራት፣ ነጭ ማለት ደግሞ ያለፈለት ቤት ነው ብለን ነው ያደግነው።

እኔ ወደ ቢጫ የዞርኩት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው፣ 4 ሰዓት ጋደም ብዬ እስከ 6 ሰዓት ኮርኒስ ላይ ማፍጠጥ። ከሰዓት በኋላ ቡና ተውኩ፣ ትንሽ ረዳኝ እንጂ አልፈታውም፣ ከዛ ነው ስለ መብራት ማንበብ የጀመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አይናችን ውስጥ ሜላኖፕሲን የሚባል ነገር የያዙ ሴሎች አሉ፣ ዋና ስራቸው ለማየት ሳይሆን ቀን ይሁን ማታ ለአንጎል መንገር ነው፣ በደንብ የሚነቁት ደግሞ 480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። እነሱ ሲነቁ አንጎል ገና አልመሸም ብሎ ሜላቶኒን የሚባለውን፣ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን የማታ ሆርሞን ያዘገየዋል። ነጩ ኤልኢዲ ውስጡ እኮ ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ቅብ ስላለ ነው ነጭ የሚመስለን፣ ዋርም የሚሉት ቢጫው ላይ ቅቡ ተለውጦ ሰማያዊው ይቀንሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ባለው ውስጥ ስለሆነ ከዛ በኋላ አይናችሁ የሚያየው ቤታችሁ ያለውን አምፖል ነው በቃ።

ወደ ግዢው ስንመጣ ካርቶኑ ላይ ኬልቪን የሚለውን፣ የብርሃኑን ቀለም የሚነግረውን ቁጥር ፈልጉ። 2700 ወይም 3000 ቢጫው ነው፣ 6500 ደግሞ ዴይላይት የሚሉት ነጩ። 4000 መሃል ላይ ያለ ነው፣ ለቢሮ ጥሩ ነው፣ ለመኝታ ቤት አልመክረውም።

ነጩን ግን ጨርሳችሁ አትጣሉት። እናቴ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፣ ቢጫ አምፖል ገጥሜላት ጠጠሩን ከምስሩ መለየት አቅቷት "አይኔን ልታጠፋው ነው?" ብላ በማግስቱ አስነቀለችኝ። ልክ ናት፣ የሚለቀም፣ የሚሰፋ፣ የሚጠና ነገር ባለበት ነጭ ያሸንፋል። ልጆች ካሉ ግን የቤት ስራው ሲያልቅ ነጩን አጥፉት፣ የልጆች አይን ብርሃን በደንብ ስለሚያስገባ ሜላቶኒናቸው ከእኛ ይልቅ በቀላሉ ይወርዳል።

ቢጫ ገዛሁ ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ጋር ነው። እኩል ብርሃን ካላቸው የቢጫው ተፅዕኖ የነጩ ግማሽ ገደማ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም፣ ስለዚህ 15 ዋት ቢጫ መኝታ ቤት ብትገጥሙ በነዛ ሴሎች ሂሳብ 7 ዋት ነጭ እንደገጠማችሁ ቁጠሩት። ከቀለሙ እኩል ጉልበቱ ወሳኝ ነው። 2022 ላይ የዘርፉ ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ምክር ከመተኛት በፊት ባሉት 3 ሰዓታት አይን ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ በነዚሁ ሴሎች ሚዛን ተለክቶ፣ ከ10 ሉክስ (የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) ባይበልጥ ይመረጣል፣ ቀን ላይ ደግሞ ቢያንስ 250። 10 ሉክስ ማለት ደብዘዝ ያለ ነገር ነው፣ ጂፕሰሙን ዙሪያውን በስፖት ላይት የሞላ ሳሎን ያንን ቁጥር በብዙ ያልፈዋል። ስልኩን ናይት ላይት ላይ አድርጎ ከነጭ ፓናል ስር የሚቀመጥ ጓደኛ አለኝ፣ ምን ልበለው።

ባለ 3 ከለር የሚሉትም አለ፣ ማጥፊያውን ቶሎ ነካ ነካ ስታደርጉት ከነጭ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሲገዙት አሪፍ ነው፣ እኔ ግን ለሽንት ተነስቼ በእንቅልፍ ልቤ ስነካው ጭው ያለ ነጭ አይኔ ላይ በራብኝ፣ ወደ ቢጫ ልመልሰው ሁለቴ ሶስቴ ሳበራ ሳጠፋ ጭራሽ ነቃሁ። ለሳሎን ይሁን፣ ለመኝታ ቤት ይቅርባችሁ።

ስማርት የሚሉት አምፖል ደግሞ በስልክ ከማታ 1 ሰዓት ጀምሮ ራሱን ቢጫ እንዲያደርግና እንዲደበዝዝ ይታዘዛል፣ በሀሳብ ደረጃ ከሁሉም የተሻለ እሱ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሳቸው ይበራሉ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት መጣ እና ክፍሉ ቦግ አለ፣ ቤቱ በሙሉ ተነሳ። አፑ ውስጥ መብራት ሲመለስ ጠፍቶ ይቆይ የሚል ምርጫ ካለው ግዙት፣ ከሌለው ተዉት።

ቀይ አምፖል ለእንቅልፍ ከሁሉም ይሻላል፣ ግን መስኮታችሁ ቀይ ሆኖ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እናንተው ታውቃላችሁ። ቻርጅ የሚደረገው የመጠባበቂያ አምፖል ደግሞ አብዛኛው ነጭ ስለሆነ ግድግዳ ላይ አዙራችሁ አብሩት። ሻማ 1900 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ለሜላቶኒን ምቹ ነው፣ ለመጋረጃው ግን አይደለም።

እኔ ብሆን መኝታ ቤት 2700 ባለ 5 ዋት፣ ከተቻለ ኮርኒስ ላይ ሳይሆን ከአልጋው ጎን ዝቅ ብሎ፣ ሳሎን 3000 ባለ 9 ዋት እና ማዕዘን ላይ አንድ ትንሽ ላምፕ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ላምፑ ብቻ። ከሱቁ ሳትወጡ ግን አስበርታችሁ እዩት፣ ካርቶኑ 3000 እያለ ውስጡ በረዶ የመሰለ ነጭ የሆነ ደርሶኛል።

አሁን 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ እናቴም ሳሎኑን ለምዳዋለች። ወጥ ቤቱን ግን እንዳትነካ ብላኛለች።