የኤንቪ አልማዝ ስትገዙ፦ ዱቄት፣ ሰሌዳ ወይስ መርፌ?

«የስፒን ሞገድ ለማየት የትኛው አልማዝ ይሻላል?» ዶክትሬት የጀመሩ ጓደኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። የስፒን ሞገድ በማግኔት ውስጥ እንደ ማዕበል የሚጓዝ የስፒኖች (የአተሞቹ ጥቃቅን ማግኔቶች) መወዛወዝ ነው፤ ኤንቪ ደግሞ አልማዝ ውስጥ በናይትሮጅን አተምና ከጎኑ ባለ ባዶ ቦታ የሚፈጠር፣ ማግኔታዊ መስክን የሚለካ ጉድለት ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ኤንቪው ከገጹ ሥር በስሱ የተተከለበትን ሰሌዳ ግዙ።

አሠራሩ ባጭሩ፦ ኤንቪው በአረንጓዴ ሌዘር ሲመታ ቀይ ያበራል፤ 2.87 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለ ማይክሮዌቭ ሲደርሰው ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ማግኔታዊ መስክ ደግሞ ይህን ፍሪኩዌንሲ እንደ ኤንቪው ዘንግ አቅጣጫ ያዛውረዋል። ቀጥታ ወደ ብሩ ልግባ።

ከሁሉም ርካሹ የናኖአልማዝ ዱቄት ነው። በፈሳሽ በጥብጦ ማግኔቱ ላይ ጠብ ማድረግና ማድረቅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዪግ በሚባለው ማግኔታዊ ጋርኔት (የክሪስታል ዓይነት) ላይ በዚሁ መንገድ ጥሩ ሥራ ሠርተዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ቅንጣት እንደፈለገ ይተኛል፤ የኤንቪው ዘንግ ወዴት እንደዞረ አታውቁም። የኤንቪውን ፍሪኩዌንሲ ከአንድ ሞገድ ጋር ለማግጠም ስትሞክሩ ጉድ ይፈላል።

በመርፌ ላይ የተሠራው አልማዝ ደግሞ አንዱ ብቻ በሺዎች ዩሮ ነው። የሚያንቀሳቅሰው ማይክሮስኮፕ መቶ ሺዎችን ይበላል። መርፌው አላቂ ዕቃ ነው፤ አንዴ ከናሙናው ጋር ከተላተመ አለቀለት። የዶሜይን ግድግዳን (በማግኔት ውስጥ አቅጣጫቸው የተለያየ ክፍሎች የሚገናኙበትን ድንበር) በአሥር ናኖሜትሮች ደረጃ ማየት የግድ ከሆነባችሁ፣ መሣሪያው ካለው ላብራቶሪ ሰዓት ለምኑ እንጂ አትግዙ።

ሰሌዳው ግን በአሲድ ታጥቦ ለዓመታት ያገለግላል። ዋጋውን ለስንት ሙከራ እንደሚበቃ አካፍላችሁ ካያችሁት ከዱቄቱም ይረክሳል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። በኢንተርኔት «የኤንቪ አልማዝ» የሚል ርካሽ ሰሌዳ ገዛሁ። ሮዝ ቀለሙ ያምራል፤ ሌዘር ሲያርፍበት ቀይ ይበራል፤ ማይክሮዌቩንም ይሰማል። ዪግ ላይ ሳስቀምጠው አጭሩ ሞገድ ድራሹ ጠፋ። ለካ ኤንቪው በግማሽ ሚሊሜትሩ ውፍረት ሁሉ ተበትኗል። ከጥልቁ የሚመጣው ብርሃን የገጹን ምልክት ይውጠዋል። ሒሳቡ ጨካኝ ነው፦ ርዝመቱ 1 ማይክሮን የሆነ ሞገድ የሚፈጥረው መስክ 1 ማይክሮን ርቆ ላለ ኤንቪ ከ500 አንድ እጁ እንኳ አይደርስም። በ100 ናኖሜትር ርቀት ግን ከግማሽ በላይ ይደርሳል።

ቀጥሎ ትክክለኛውን ገዛሁ። እሱንም ገልብጬ አስቀምጬው ሦስት ቀን ለፋሁ! ሁለቱ ገጾች በዓይን አይለዩም። ሻጩ አንዱን ማዕዘን ምልክት እንዲያደርግላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላው ጠላት አቧራ ነው። አንዲት ቅንጣት ከሥሩ ከገባች ሰሌዳው በማይክሮን ከፍ ይላል፤ የከፈላችሁበት ቅርበት ገደል ገባ። በማይክሮስኮፕ ስታዩ በአልማዙና በማግኔቱ መካከል የቀለም መስመሮች ከተደረደሩ ክፍተት አለ። አንሱት፣ እጠቡት፣ መልሱት። ሰሌዳውን በሌዘር ወደ ትንንሽ ቁራጭ ማስቆረጥም ያዋጣል፤ ትንሽ ቁራጭ አቧራ ላይ የመውጣት ዕድሉ ያንሳል፣ አንዱ ቢሰበርም ሌላ አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፦ የኤንቪው ጥልቀት በናኖሜትር፣ የገጹ አቆራረጥ (ከክሪስታሉ አንጻር በየት አቅጣጫ እንደተቆረጠ፤ የኤንቪውን ዘንግ የምታውቁት በእሱ ነው)፣ የብርሃኑ ስፔክትረም። በስፔክትረሙ ላይ 637 ናኖሜትር ጋ ያለውን ጫፍ ፈልጉ፤ የምትፈልጉት ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ኤንቪ ምልክት እሱ ነው። 575 ላይ ያለው ጎልቶ ከታየ ብዙው ኤንቪ ቻርጅ የሌለው ዓይነት ነው፤ ለዚህ ሥራ አይረባምና ገንዘባችሁን ያዙ።