አናጺ ቤት ያሠራነው የፈረስ መታከኪያ፦ ለጎንደር ባለፈረሶች

ፈረስ ላላችሁ ሰዎች ነው የምጽፈው። ባለጋሪም ሁኑ፣ ለጥምቀትና ለሠርግ የሚጋለብ ፈረስ ያላችሁም። ግቢያችን ውስጥ ለዳማው መታከኪያ አሠርተንለታል። ወፍራም ጣውላ ላይ የወለል መፈግፈጊያ ብሩሾች ተደርድረው፣ ጣውላው ከቆመ ምሰሶ ጋር በብሎን ታስሯል። ሥራው የአንድ የሰፈር አናጺ ነው። በጋውንም ክረምቱንም አልፎ ስላየሁት አስተያየቴን ልስጥ። ባጭሩ፣ አሠሩ። ግን እንዴት እንደሚሠራ ለአናጺው እናንተው ንገሩት፤ በር የሚሠራ ሰው የፈረስ ቆዳ ምን እንደሚጎዳው ላያውቅ ይችላል።

ፈረስ እኮ መታከኪያ ባታዘጋጁለትም መታከኩ አይቀርም። ያገኘው ላይ ይታሻል። የቆርቆሮ አጥር ጠርዝ፣ ምስማር ያፈጠጠበት የባሕር ዛፍ አጥር፣ እሾሃማ ሽቦ፣ የጋሪው ብረት፣ ምንም አይመርጥም። የእኛው ዳማ ቆርቆሮ ይወድ ነበር፤ ጭራው ሥር ጸጉሩ አልቆ ቆዳው ተልጦ ነበር። የተላጠ ቆዳ ደግሞ እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በቁስል በኩል ነው የሚገባው፣ በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን በብዛት ያጠቃል፣ ቆዳው ላይ በተርታ እብጠት ያወጣና ይፈነዳል፣ መግል ያወርዳል፣ ከተስፋፋ በኋላ ማዳኑ በጣም ከባድ ነው። ፈረሱ ጋሪ መጎተት ሲያቆም ቤተሰቡ የሚበላው ያጣል።

ሌላም አለ። መታከክ ለፈረስ ደስታው ነው። ሁለት ፈረሶች አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ጋማ ሥር በጥርሱ ሲያክለት አይታችኋል? እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት እዚያ ቦታ ላይ ሲታከክ የፈረሱ የልብ ምት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብቻውን ጋጣ ውስጥ ታስሮ የሚያድር የጋሪ ፈረስ ግን ማን ያክለታል? የአፄ ዮሐንስ 1ኛ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባለው ትንሽ ግንብ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ዛሬም ቆሟል። ፈረስን እንዲህ ባከበረች ከተማ ቀኑን ሙሉ ሸክም የጎተተ እንስሳ ማታ ቆዳውን ቆርቆሮ ላይ ሲልጥ ማየት ያመኛል።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ብሩሹ ጠንካራ የፕላስቲክ ጸጉር ያለው ይሁን። ለስላሳው ወዲያው ይተኛል፣ ፈረሱም ይተወዋል። የሽቦ ብሩሽ በፍጹም እንዳታስቡት። አናጺው መጀመሪያ በምስማር ሊመታው ነበር፤ እንቢ አልኩ። ፈረስ በሙሉ ክብደቱ ሲገፋ ምስማር ይላላል፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ይወጣል፣ ያኔ ከቆርቆሮው በምን ተሻለ? ብሎን ይሁን፣ ጭንቅላቱም እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይግባ። የጣውላው ማዕዘንና ጠርዝ በመላጊያ ይክበብ። ይህን ሁሉ አናጺው በደንብ ሠርቶልኛል። ቅር ያሰኘኝ እንጨቱ ነው፤ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ስለነበር ፀሐይ ሲመታው ተሰነጠቀ፣ አንዱን ጣውላ ማስለወጥ ግድ ሆነ። የደረቀ እንጨት መሆኑን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። ምሰሶውም ጠልቆ ይቀበር፣ የሚነቃነቅ ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

ከፍታው ላይ ብዙ ሰው አያስብበትም። የእኛ አገር ፈረሶች አጫጭር ናቸው፣ ብዙዎቹ ትከሻቸው ላይ 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ናቸው፤ ስለዚህ የውጭ ፈረስ ፎቶ አይታችሁ አታሠሩ። የራሳችሁን ፈረስ አቁማችሁ ለኩ። አንዱ ጣውላ ጭራው ሥር ይድረስ፣ ሌላው አንገቱና ትከሻው ላይ። በጣውላና በምሰሶው መካከል ገመድ የሚገባበት ክፍተት አይኑር። ፈረሱንም ልጓሙንና ማሰሪያውን አውልቃችሁ ልቀቁት፣ ተይዞ ሲደነግጥ አንገቱን ሊጎዳ ይችላል።

ከኮኮናት ቃጫ የሚሠራው የበር ላይ እግር መጥረጊያም ጥሩ ነው። ለአንገትና ለግንባር እንዲያውም ከብሩሹ ይመቻል። ችግሩ ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውጭ ከዋለ ይሻግታል፣ ጣሪያ ሥር ብቻ አድርጉት። የመኪና ጎማ ቆርጦ መቸንከር ግን አልመክርም። ብዙ ሰው ርካሽ ነው ብሎ ያደርገዋል፤ ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የመኪና ጎማዎች ውስጣቸው ሽቦ አለ፣ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ሽቦው ያፈጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጋሪ ማቆሚያ ላይ ለሁሉም ፈረስ አንድ መታከኪያ እናቁም የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ደግ ነው፣ እኔ ግን እቃወማለሁ። ቅማልና እከክ በብሩሹ ላይ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል። ያ የፈንገስ በሽታ ያለበት ፈረስ መግሉን ብሩሹ ላይ ትቶ ቢሄድ ቀጥሎ የሚመጣው ቁስል ያለበት ፈረስ አለቀለት። ለየፈረሱ የየራሱ ይሁን። ግቢ ውስጥ ያለውንም በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በረኪና ከተጠቀማችሁ በደንብ ይለቅለቅ።

መታከኪያው መድኃኒት እንዳልሆነም እወቁ። ላብና አቧራ የሚያመጣውን ማሳከክ ያስታግሳል፤ ለዚያም ቢሆን ከሥራ ሲመለስ ላቡን ማጠብ ይቀድማል። ፈረሱ ሌት ተቀን ከታከከ ግን ሌላ ነገር አለ። ጭራው ሥር ብቻ ከሆነ የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል። ማምሻውን የሚብስበት ከሆነ ትንኝ ጠርጥሩ። ጸጉሩን ከፈል ከፈል አድርጋችሁ ቅማልና መዥገር ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርባት ከተማ ውስጥ እየኖርን በግምት መድኃኒት መቀባት ተገቢ አይደለም።

ዋጋው በእንጨቱ ይወሰናል፣ ብሩሾቹን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትወስዱ ይረክሳል። ብሩሹ በሙጫ እንዳይለጠፍ ተጠንቀቁ፤ ሲያልቅ ብሎኑን ፈትታችሁ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ።