ስንቅና ሰዓት በሠንጠረዥ፦ ከደሴ እየተነሣሁ በመስክ ሥራ የተጠቀምኩበት የዘጠኝ ወር ልምድ

የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ የሕክምና መሣሪያዎችን መጠገን በመሆኑ በወር ውስጥ ቢያንስ አሥር ቀን ከቤቴ ውጭ እውላለሁ። አንዱን ሳምንት በጊምባ በኩል ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም እወጣለሁ፤ በሌላው የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ አቀናለሁ፤ አንዳንዴም ሐይቅንና ውጫሌን አልፌ እስከ ወልድያ እደርሳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ታወቀ። ከምወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ግሊቤንክላማይድ ሲሆን፣ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ ነውና ምግብ ተበላም አልተበላም ሥራውን አያቋርጥም። ጠዋት ክኒኑን ውጦ ምሳውን ያሳለፈ ሰው ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል።

በመስከረም 2017 መጨረሻ ከአቀስታ ስመለስ የደረሰብኝም ይኸው ነው። አንድ የላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ ለመጨረስ ብዬ ምሳዬን ወደ ኋላ ገፋሁት፤ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ስኳሬን ስለካው 58 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሆኖ አገኘሁት፤ ከ70 በታች ከሆነ ዝቅተኛ እንደሚባል አውቅ ነበር። ሾፌራችን መኪናውን ከአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ አቁሞ ስኳር የበዛበት ሻይ አስቀድቶ አጠጣኝ። ምግቤን በስልኬ ሠንጠረዥ መመዝገብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ነው። የምጽፈው ስለ አንድ የተለየ መተግበሪያ አይደለም፤ ኤክሴልም ሆነ ጉግል ሺትስ እዚህ የማነሣቸውን ሥራዎች ሁሉ ይሠራሉ።

በመጀመሪያ ያዘጋጀሁት ሠንጠረዥ የዕቅድ ሠንጠረዥ ነበር። እሑድ ማታ ተቀምጬ የሳምንቱን ከተሞች በረድፍ፣ ቁርስን፣ ምሳንና እራትን በዓምድ አድርጌ፣ በየሳጥኑ የምበላውን እጽፋለሁ፦ ማክሰኞ ጊምባ ሽሮ፣ ረቡዕ አቀስታ በያይነቱ፣ ሐሙስ መካነ ሰላም እንቁላል። ሲታይ ያማረ ነበር፤ ግን ከሁለት ወር በላይ አልቆየም። የገጠር ከተማ ምግብ ቤት የሚያቀርበው ገበያው የሰጠውን እንጂ እኔ እሑድ ማታ የጻፍኩትን አይደለም። የገበያ ቀን ከሆነ ሥጋ ሞልቶ የጾም ምግብ ይጠፋል፤ ገበያ በሌለበት ቀን ደግሞ ወጡ ስድስት ሰዓት ላይ አልቆ ይጠብቃል። መንገድ ተዘግቶ ያላሰብነው ከተማ ያደርንባቸው ቀኖችም ነበሩ። ከኅዳር በኋላ «ምን እበላለሁ» የሚለውን ዕቅድ ሙሉ በሙሉ ተውኩት፤ ያላገኘሁትን ምግብ እያነበቡ መበሳጨት ለማንም አይበጅም።

ሠንጠረዡን ያዳነው ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ግምት የሰጠሁት ዓምድ፣ የሰዓቱ ዓምድ ነው። ለሁለት ወራት ያህል ከየምግቡ ጎን የበላሁበትን ሰዓትና የለካሁትን የስኳር መጠን ስጽፍ ቆይቼ፣ አንድ ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ በሁለት ምግቦች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰላ ፎርሙላ ጨመርኩበት። እስከዚያ ድረስ ስኳሬን የሚያናጋው የምግቡ ዓይነት ነው ብዬ አምን ስለነበር እንጀራን ስቀንስ፣ ፓስታን ስሸሽ ከርሜአለሁ። ፎርሙላው ያሳየኝ ግን ሌላ ነው። ስኳሬ ከ70 በታች በወረደባቸው ቀኖች ሁሉ፣ የበላሁት ሽሮም ይሁን ጥብስ፣ በቁርስና በምሳ መካከል ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ አልፎ ነበር። ይህንን ለሐኪሜ በስልኬ አሳየሁት፤ እሱም ረድፎቹን አንድ በአንድ አይቶ የመድኃኒቱን አወሳሰድ አስተካከለልኝ። «ደህና ነኝ፣ አንዳንዴ ብቻ ያዞረኛል» እያልኩ በቃል ስነግረው በነበረበት ዘመን ይህ አልሆነም።

አሁን ዕቅዱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚህ ሰዓት ማለፍ የለበትም። ቁርስ የበላሁበትን ሰዓት ስጽፍ አምስት ሰዓት ተደምሮበት የምሳ የመጨረሻ ሰዓት ይወጣል፤ ካለፈ ረድፉ ቀይ ይሆናል። ከጎኑ «ስንቅ» የሚል ዓምድ አለ፤ ሰዓቱ ምግብ ቤት በሌለበት መንገድ ላይ ከደረሰ የምቀምሰው እዚያ ተጽፏል። ወደ አቀስታ ስወጣ ቆሎና በሶ፣ ወደ ባቲ ስወርድ ድርቆሽ ነው። እናቶቻችን ለመንገደኛ ድርቆሽ የሚቋጥሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ውኃና ትንሽ በርበሬ ካገኘ በደቂቃ ውስጥ ፍርፍር ይሆናል፣ በቆላው ሙቀትም አይበላሽም።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለመጻፍ መጠነኛ ችግር ገጥሞኝ ነበር። ቁርሴን 1፡30፣ እራቴንም 1፡30 ብዬ ስጽፍ ሠንጠረዡ ልዩነቱን ዜሮ ያደርገዋል። መፍትሔው ከጨለመ በኋላ ያለውን ሰዓት ከአሥራ ሁለት በላይ መቁጠር ሆነ፤ የምሽት ሁለት ሰዓትን 14 ብዬ እጽፋለሁ። የእኛ ሰዓት ከንጋት ስለሚጀምር የአንድ ቀን ምግብ በሙሉ ሳይቆራረጥ በአንድ ቁጥር ተራ ይቀመጣል፤ በዚህ ረገድ ለምግብ ምዝገባ ከፈረንጁ ሰዓት ይልቅ የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ የፊደላችን ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ ሠንጠረዥ የሚሠራ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። እኛ «ጾም» እና «ፆም» ብለን ስናነብ አንድ ቃል ነው፤ ለሠንጠረዡ ግን ሁለት ፍጹም የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሥጋ» እና «ስጋ»፣ «ሐይቅ» እና «ሀይቅ» እንዲሁ። በታኅሣሥ መጨረሻ የወጪዬን ድምር ስመለከት በሐይቅ ከተማ ያወጣሁት ከጠበቅሁት በግማሽ ያነሰብኝ፣ ከተማዋን አንድ ቀን በሐመሩ ሐ፣ ሌላ ቀን በሃሌታው ሀ ስለጻፍኳት ነበር። ከዚያ ወዲህ የከተማና የምግብ ስሞችን በእጄ አልጽፍም፤ በተለየ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ መዝግቤ፣ ከተቆልቋይ ዝርዝር እመርጣለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያላደረገ ሰው ድምሩን አይመን።

የቀን አቆጣጠሩም የራሱን ሥራ ይጠይቃል። ሠንጠረዡ ለስሌት የሚቀበለው የፈረንጆቹን ቀን በመሆኑ የእኛን ቀን በአንድ ዓምድ እንደ ተራ ጽሑፍ፣ የእነሱን በሌላ ዓምድ አኖራለሁ። ጥቅሙ የሳምንቱን ቀን በራሱ ማወቁ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ረድፉ አረንጓዴ እንዲሆን አዝዤዋለሁ። ሆኖም ከፋሲካ በኋላ፣ በ2017 ከሚያዝያ 12 እስከ ሰኔ 1፣ ረቡዕና ዓርብ የማይጾምባቸው ሃምሳ ቀኖች መሆናቸውን ሠንጠረዡ ከየት ያውቃል? ፎርሙላውን ለእነዚያ ሳምንታት ለይቼ ማስተካከል ነበረብኝ።

ሠንጠረዡ በእውነት የተፈተነው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን በአምስት ቀን ተከተለው። እኔ ሐኪሜንና የነፍስ አባቴን አማክሬ፣ ቁርሴን ሳልተው የጾም ምግብ ብቻ እበላለሁ፤ ሾፌራችን ሙስሊም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ውኃም አይቀምስም። ወደ ከሚሴና ወደ ባቲ በሄድንባቸው የረመዳን ቀኖች በቀን ክፍት ሆኖ ያገኘሁት ምግብ ቤት ጥቂት በመሆኑ፣ የትኛው ቤት በስንት ሰዓት እንደሚከፍት የጻፍኩት ማስታወሻ ከሁሉም ዓምድ የላቀ ሆነ። የሾፌራችንን የማፍጠሪያ ሰዓትም በዚያው ሠንጠረዥ አስገባሁ፤ እሱ ለሚያፈጥርበት የእኔም እራት እንዲደርስ ጉዞውን በዚያ ለካን። እሱም በበኩሉ የእኔን ሰዓት ከእኔ ይበልጥ ይጠብቅ ነበር። ራሱ አፉን ሳያረጥብ እየነዳ «ሰዓትህ ደርሷል፤ እዚህ ካልበላህ ወደፊት ምንም አታገኝም» ብሎ መኪናውን ጥግ ያስይዛል። ከጾሙ ውጭም የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት በሚለይበት በእኛ አገር፣ ሁለታችንም በአንድ ገበታ የምንቀርብባቸውን፣ ማለትም የሐይቅ ዓሣና ጥሩ ሽሮ ያለባቸውን ቤቶች ለይቼ መመዝገቤ ብዙ መዞርን አስቀርቶልናል።

የዋጋው ዓምድ የውሎ አበሌን ለመቆጣጠር ጠቅሞኛል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ስለማይነግረኝ አልዘገይበትም። የካሎሪ ዓምድም ነበረኝ። በጋራ ትሪ ከሚበላ ምግብ የራስን ድርሻ በግራም መገመት እውነት ያልሆነ ቁጥር መጻፍ ስለሆነ ጥር ላይ ሰረዝኩት።

ኔትወርክ በማይኖርበት ቦታ ፋይሉ አስቀድሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ካልተፈቀደለት ባዶ ገጽ ነው የሚገጥመው። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ይህን ማረጋገጥ፣ ክኒኔን መያዜን እንደ ማረጋገጥ ሆኖብኛል። ጣትን በትንንሽ ሳጥኖች ላይ ማሳረፍም በኮረኮንች መንገድ ከባድ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ሲቆም እንጂ ሲሄድ አልጽፍም።

በግንቦት ፋይሉን ለባለቤቴ አጋራኋት። ደሴ ሆና የምሳዬን ረድፍ ታያለች፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ባዶ ከሆነ ትደውላለች። መጀመሪያ ላይ ከጊምባ ወዲያ ስሆን የጻፍኩት ሳይደርሳት እየቀረ ብዙ ተጨንቃ ነበር። አሁን በከተሞቹ ዝርዝር ጎን «ኔትወርክ አለ» እና «የለም» የሚል ምልክት አድርገንበታል፤ «የለም» ወደሚለው አካባቢ ከመግባቴ በፊት፣ የያዝኩትን ስንቅና የምወጣበትን ሰዓት በአንድ ረድፍ ጽፌላት እገባለሁ።