ሌፍት ታክል ከየት ይምጣ? ከላይኛው ፒክ፣ ከመሀል ወይስ በትሬድ

የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በየተራቸው (ተራው ፒክ ይባላል) አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ በደረሰ ቁጥር ሌፍት ታክል፣ ማለትም ኳስ የሚወረውረውን ኳርተርባክ በግራ በኩል የሚጠብቅ ተጫዋች፣ የሌለው ቡድን ደጋፊ ሁሉ «በቃ የመጀመሪያው ፒካችን ታክል ይሁን» ይላል፣ እውነቱን ለመናገር ኳርተርባካችን መሬት ላይ ሲደፋ ማየት ስለሚያንገበግብ ነው። እኔ ግን ካለፉት ዓመታት የተመረጡትን ታክሎች አንድ በአንድ ሳያቸው የደረስኩበት ነገር ይሄ ነው፦ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያለው ፒክ ለታክል በጣም ውድ ነው፣ ዋጋውና የምታገኙት ሰውዬ የሚመጣጠኑት ከ6ኛ እስከ 13ኛ አካባቢ ነው፣ ኳርተርባክ ያለው ቡድን ደሞ በትሬድ (ከሌላ ቡድን ጋር በመለዋወጥ) የለመደ ሰው ቢያመጣ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል።

ቦታው ለምን እንደከበደ ባጭሩ፦ በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ለመወርወር ሲቆም ጀርባው ወደ ግራ ይሆናል፣ ከዛ በኩል የሚመጣበትን አያይም። የዋሽንግተን ደጋፊ የሆንን የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂንያ ሀበሾች ይሄን ታሪክ ብናውቀው ጥሩ ነው፣ በ1985 ኖቬምበር ላይ የጃይንትሱ ተከላካይ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ሲይዘው የታይስማን እግር ተሰበረ፣ የዛን ማታ መደበኛው ሌፍት ታክል ጆ ጃኮቢ ተጎድቶ አልተሰለፈም። ጃኮቢ ግን እኮ በ1981 ድራፍት ላይ ማንም ያልመረጠው ልጅ ነበር፣ ከዋሽንግተን ጋር ሶስት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ) አሸነፈ። ስለዚህ ቦታው ወሳኝ ነው ማለትና ለቦታው የመጀመሪያ ፒክ ይውጣ ማለት አንድ አይደለም፣ ሰው ሁሌ የሚያቀላቅለው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ከላይኛው እንጀምር። ሴንት ሉዊስ ራምስ በ2009 ጄሰን ስሚዝን፣ ጃክሰንቪል በ2013 ሉክ ጆከልን፣ ራምስ እንደገና በ2014 ግሬግ ሮቢንሰንን ወሰዱ፣ ሶስቱም ታክሎች፣ ሶስቱም በ2ኛ ፒክ፣ ሶስቱም አልሆኑም። ስሚዝ በ2012 ተሸኘ፣ ጆከል ወደ ጋርድ (ከታክል አጠገብ ወደ ውስጥ ያለው ቦታ) ተገፋ፣ ሮቢንሰንን ራምስ በ2017 ለዲትሮይት በአንድ 6ኛ ራውንድ (ዙር) ፒክ ሰጡት። የሮቢንሰኑ ደሞ ለኛ የሚያም ነው፣ ያ 2ኛ ፒክ ዋሽንግተን ለኳርተርባኩ ሮበርት ግሪፊን ብላ ከሰጠቻቸው ፒኮች አንዱ ነው። ራምስ በዛው ድራፍት በ13ኛ ፒክ ኋላ ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ የሆነውን አሮን ዶናልድን ባያገኙ ኖሮ ያ ዓመት እንዴት ይታወስ እንደነበር አስቡት። ቡድኖች ለፒክ ትሬድ ሲጠቀሙበት የኖሩት የቀድሞው የዳላስ አሰልጣኝ የጂሚ ጆንሰን የነጥብ ሰንጠረዥ (ለየፒኩ ዋጋ የሚሰጥ) ላይ 2ኛው ፒክ 2600 ነጥብ ነው፣ 13ኛው 1150፣ ከግማሽ በታች ማለት ነው።

ከላይ ተወስዶ የተሳካለትም አለ እኮ፣ አልክድም። ትሬንት ዊሊያምስ በ2010 በ4ኛ ፒክ ዋሽንግተን መጣ፣ እንደሱ ያለ ሰው ከተገኘ ማንም አይቆጭም። ጆ ቶማስ በ2007 በ3ኛ ፒክ ክሊቭላንድ ገባና 10,363 ስናፕ (ስናፕ ማለት ኳሱ ተነስቶ እስኪቆም ያለው አንድ ሙከራ ነው) ሳያቋርጥ ተጫወተ፣ በ2023 ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆች የክብር መዝገብ) ገባ። ግን በዛ ሁሉ ዘመን አንድም የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ) ጨዋታ አልተጫወተም። ይሄ ቶማስን ለመንካት አይደለም፣ ከሱ የተሻለ ታክል ሊኖራችሁ አይችልም ማለት ይቻላል፣ ለኔ የሚያሳየኝ ግን የቦታው ምርጡ ሰውዬ ብቻውን ቡድን እንደማያነሳ ነው። ማያሚም በ2008 ጄክ ሎንግን በ1ኛ ሲወስድ ሎንግ አራት ጊዜ ፕሮ ቦውል (የዓመቱ ምርጦች ስብስብ) ገባ፣ ጥሩ ነበር፣ ግን አትላንታ በ3ኛ የወሰደው ኳርተርባክ ማት ራያን በ2016 ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ፣ ማያሚ ደሞ ለዓመታት ኳርተርባክ ፍለጋ ዞረ። ኳርተርባክ ከሌላችሁ ታክል አትግዙ፣ እዚህ ላይ ለኔ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ንጽጽር፣ ታክል ወይስ ሪሲቨር (የኳርተርባኩን ኳስ የሚቀበል)፣ 2021 ማለት ነው። ሲንሲናቲ 5ኛ ፒክ ይዟል፣ ኳርተርባኩ ጆ በሮው ገና ከጉልበት ጉዳት እያገገመ ነው፣ ታክሉ ፔኔይ ሱዌል ፊታቸው ተቀምጧል፣ ግማሹ ሰው «ልጁን ጠብቁት እንጂ!» ብሎ እየጮኸ ሪሲቨሩን ጃማር ቼዝን ወሰዱ። ሱዌል በ7ኛ ዲትሮይት ሄደ። ቼዝ በመጀመሪያ ዓመቱ 1455 ያርድ ሰራ፣ ቡድኑ ሱፐር ቦውል ደረሰ፣ በሮው ግን በዛ ሲዝን 51 ጊዜ ሳክ ተደረገ (ኳሱን ሳይወረውር ተጣለ)፣ ቴነሲ ላይ 9 ጊዜ ተጥሎም አሸነፉ፣ ሱፐር ቦውሉ ላይ 7 ጊዜ ተጥሎ በራምስ 23 ለ 20 ተሸነፉ። ሁለቱም ወገን «አየህ!» የሚለው እዚሁ ጨዋታ ላይ ነው። ሱዌል ደሞ በዲትሮይት ቀኝ ታክል ሆኖ የሊጉ ምርጥ ከሚባሉት ውስጥ ገባ፣ ልብ በሉ፣ በግራ ሳይሆን በቀኝ፣ ግራው ቴይለር ዴከር ነበርና።

ማን አተረፈ? ሜዳውን ካያችሁ ሁለቱም። ብሩን ካያችሁ ግን ሲንሲናቲ ያተረፈ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከሊጉና ከተጫዋቾች የ2011 ስምምነት ወዲህ ሩኪ (አዲስ ገቢ ተጫዋች) የሚከፈለው በተመረጠበት ቁጥር እንጂ በሚጫወትበት ቦታ አይደለም፣ አራት ዓመት ርካሽ ኮንትራት ነው፣ ለ1ኛ ራውንድ ልጅ ደሞ አምስተኛ ዓመት አማራጭ አለ። ስለዚህ ትርፋችሁ ማለት ያ ሰው ገበያ ላይ ቢሆን ስንት ያስወጣችሁ ነበር የሚለው ነው። ቼዝ በ2025 ሲፈርም በዓመት 40.25 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፣ ከምርጦቹ ሌፍት ታክሎች አንዱ ትሪስታን ዊርፍስ በ2024 ሲፈርም 28 ሚሊዮን አካባቢ። እኩል ጥሩ የሆኑ ሪሲቨርና ታክል ፊታችሁ ካሉ በሩኪ ደሞዝ ሪሲቨሩ ነው ብዙ የሚያስቀርላችሁ፣ ይሄን ስሌት የማይሰራ ጂኤም (የቡድን ሥራ አስኪያጅ) ያበሳጨኛል።

ታክልን ከታክል ለማወዳደር ግን ከ2020 የተሻለ ዓመት የለም። ኒውዮርክ ጃይንትስ አንድሩ ቶማስን በ4ኛ፣ ክሊቭላንድ ጄድሪክ ዊልስን በ10ኛ፣ ጄትስ ሜካይ ቤክተንን በ11ኛ፣ ታምፓ ቤይ ዊርፍስን በ13ኛ። መጨረሻ የተወሰደው ነው ከሁሉም የበለጠው! ታምፓ ከ14ኛ ወደ 13ኛ አንድ ደረጃ ብቻ ትሬድ አድርጎ ወጥቶ ወሰደው፣ ቀኝ ታክል አድርጎ ጀመረው፣ በመጀመሪያው ዓመት ሱፐር ቦውል አሸነፉ፣ በ2023 ወደ ግራ አዛወሩትና እዛም ፕሮ ቦውል ገባ። ቶማስ መጀመሪያ ላይ ተቸግሮ በኋላ ቆንጆ ሆነ፣ በ2023 117.5 ሚሊዮን ፈረመ፣ ግን ጉዳት አይለየውም። ቤክተን ግዙፍ ሰው ነው፣ በጉዳት ሁለት ሲዝን ባከነበትና በመጨረሻ ፊላደልፊያ ሄዶ ጋርድ ሆኖ ነው የሱፐር ቦውል አሸናፊ ቀለበት ያገኘው። ዊልስ ደሞ አላባማ ዩኒቨርሲቲ እያለ የተጫወተው በቀኝ ነበር፣ የዛ ቡድን ኳርተርባክ ቱዋ በግራ እጁ ስለሚወረውር የማይታየው ጎን ቀኙ ነበርና፣ ክሊቭላንድ ወደ ግራ አዞረው፣ አልጸናም። ከዚህ የምወስደው ለግራና ለቀኝ የተለያየ ዋጋ መስጠት ያለፈበት ሂሳብ መሆኑን ነው። ዛሬ ኤጅ ራሸሮች (ከዳር ኳርተርባኩ ላይ የሚሮጡ ተከላካዮች) ደካማው ታክል ያለበት ጎን እየዞሩ ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ልጁ በሁለቱም ጎን እግሩ ይሰራል ወይ ብላችሁ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ክንድ ርዝመት ላይም ብዙ አትጨነቁ፣ ራሻውን ስሌተር 33 ኢንች ክንድ ይዞ በ2021 በ13ኛ ፒክ ቻርጀርስ ገባና ወዲያው ሌፍት ታክል ሆነ።

ታች ያሉት ራውንዶች ላይ አጠር ላድርገው። በ2013 ከመጀመሪያዎቹ አራት ፒኮች ሶስቱ ታክል ነበሩ፣ የዛ ዓመት ምርጥ ሌፍት ታክሎች ግን ቴሮን አርምስቴድ በ75ኛና ዴቪድ ባክቲያሪ በ109ኛ ናቸው። ጆርዳን ማይላታ ደሞ ከአውስትራሊያ ራግቢ መጥቶ በ2018 በፊላደልፊያ በ233ኛ ተመረጠ። ደስ ይላል፣ ግን ማይላታ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት በአሰልጣኙ ጄፍ ስታውትላንድ ስር ተማረ፣ እንደሱ ያለ የላይን (የታክሎችና የጋርዶች መስመር) አሰልጣኝና እንደዛ ያለ ትዕግስት ከሌላችሁ ይሄን እንደ እቅድ አትያዙት፣ ጨምሩበት እንጂ አትመኩበት።

ትሬዱ ጋ ስንመጣ ታክሉን ላረሚ ተንሰልን ተከተሉት። በ2016 በድራፍቱ ማታ በወጣ ቪዲዮ ምክንያት እስከ 13ኛ ወረደ፣ በ2019 ሂውስተን ለማያሚ ሁለት 1ኛ ራውንድና አንድ 2ኛ ራውንድ ከፍሎ ወሰደው፣ በ2025 ዋሽንግተን ሲያመጣው ግን አንድም 1ኛ ራውንድ አላወጣም፣ ዋናው ክፍያ የ2025 3ኛና የ2026 2ኛ ራውንድ ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት ዋጋ ከባድ ነው፣ የሁለተኛው ግን የዋሽንግተን ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ በሩኪ ኮንትራት ላይ እያለ ልክ ነው፣ የተንሰልን ትልቅ ደሞዝ የሚሸከመው የኳርተርባኩ ትንሽ ደሞዝ ስለሆነ። ዋሽንግተን በዛው ድራፍት በ29ኛ ፒክ ጆሽ ኮነርሊን ጨመረችና ከኦሪገን ሌፍት ታክል የነበረውን ልጅ ወደ ቀኝ ወሰደችው፣ ኳርተርባኩ በርካሽ ደሞዝ ላይ እያለ ሁለቱንም ጎን መሙላት ማለት እንደዚህ ነው። የዳንኤልስ ኮንትራት ሲታደስ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል፣ ያኔ ለለመደ ታክል ትልቅ ደሞዝ መክፈል ስለሚከብድ ከ6ኛ እስከ 13ኛ ፒክ ያለ ቡድን ቢሆኑ እኔ ያለማመንታት ታክል እወስድላቸዋለሁ።