ሶካት፦ ለጠረፋማ ባሕሮች ጥናት ምን ያህል ይበቃል?

በባሕርና በአየር መካከል ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልውውጥ ለሚከታተል ሰው ሶካት የተባለው የመረጃ ስብስብ በነፃ ከሚገኙት ሁሉ ጠቃሚው ይመስለኛል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ይህ ስብስብ፣ ከ1957 ጀምሮ በምርምርና በንግድ መርከቦች እንዲሁም በተንሳፋፊ ጣቢያዎች የተወሰዱ፣ በባሕሩ የላይኛው ውሃ ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚያሳዩ ልኬቶችን በአንድ ወጥ አቀራረብ የያዘ ሲሆን ጠረፋማ ባሕሮችንም ያካትታል።

ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት የጥራት አመዳደቡን ነው። እያንዳንዱ የጉዞ መዝገብ በባለሙያ ተመርምሮ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ደረጃ ይሰጠዋል፤ ለ«ኤ» እና ለ«ቢ» የሚፈቀደው ስህተት ከ2 ማይክሮአትሞስፌር (የጋዝ ግፊት መለኪያ) ያነሰ ሲሆን፣ እስከ 10 የሚፈቀድለት «ኢ» ለብቻው በሌላ ፋይል ይቀመጣል። ጥንቃቄው ከልክ ያለፈ አይደለም፤ ውሃው በ1 ዲግሪ ሲሞቅ የጋዙ ግፊት 4.2 በመቶ ያህል ስለሚጨምር 400 የነበረው ንባብ ወደ 417 ይጠጋል። እኔም ፋይሉን ስከፍት አስቀድሜ የማየው የሙቀቱን ዓምድ ነው።

ባሕሩን በካሬዎች ከፋፍሎ የሚያቀርበው፣ ለጠረፍ የተዘጋጀው ወርኃዊ ሠንጠረዥ ግን ቅር ያሰኛል። የአንዱ ካሬ ስፋት ሩብ ዲግሪ፣ ማለትም በምድር ወገብ አካባቢ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ የወንዝ አፍንና ጠባብ ወሽመጥን ከሰፊው ባሕር ጋር ያደባልቃል፤ በእነዚህ ቦታዎች ደግሞ ልኬቱ በማዕበልና በቀን ብርሃን ምክንያት በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። ከዚህም ሌላ ሶካት የልውውጡን መጠን አስልቶ አይሰጥም። የነፋስ ፍጥነትን ከሌላ ምንጭ ማምጣት የተጠቃሚው ድርሻ ነው፤ በተለመደው ቀመር ነፋሱ እጥፍ ሲሆን የጋዙ ዝውውር አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ የነፋሱ መረጃ ምርጫ ከሶካት ምርጫ የማይተናነስ ክብደት አለው።