የቫሌታው የጦርነት ታሪክ ቱር፦ አሪፍ ነው ግን 1935ን ዘሎታል

ማልታ ጎራ የምትሉ ካላችሁ ዋና ከተማዋ ቫሌታ ውስጥ የእግር ጉዞ ቱር የሚያዘጋጁ አሉ፣ የጦርነት ታሪኩን የሚያሳየውን ያዙ። 4 ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩበትን እነግራችኋለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ጋይዳችን ማልታዊት ናት፣ ወሬዋ አይጠገብም። ከላይኛው ባራካ ጋርደን ላይ ሆና ታላቁን ወደብ እያሳየች እንግሊዞች በዚች ሚጢጢ አገር (ደሴቶቹ ሁሉ ቢደመሩ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ለምን ሙጭጭ እንዳሉ ስታስረዳ ነገሩ ቁልጭ ይላል፣ ናፖሊዮን በ1798 ከቅዱስ ዮሐንስ ናይቶች (ደሴቷን ይገዙ ከነበሩት የካቶሊክ ማኅበር ወታደሮች) ቀማት፣ በ1800 እንግሊዞች ገቡ፣ በ1802 አሚየን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ በተደረገ የሰላም ውል ለቀን እንወጣለን ብለው ፈረሙና እምቢ አሉ፣ በዓመቱ ከፈረንሳይ ጋር እንደገና ጦርነት ሲነሳ አንዱ ምክንያት ይቺው ናት። 1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ደሞ የህንድ መንገድ በደጇ አለፈ።

ከዛ ዘላ 1940 ገባች! ጣሊያንና ጀርመን ደሴቷን የከበቡበት የ1942ቱ ታሪክ መቼም ግሩም ነው፣ ከተላኩት 14 የጭነት መርከቦች 5ቱ ብቻ ሲደርሱ፣ ነዳጅ የጫነችው ኦሃዮ በጦር መርከቦች መሃል ታስራ ልትሰምጥ ምንም ሳይቀራት ኦገስት 15፣ ካቶሊኮቹ ፍልሰታን በሚያከብሩበት ቀን ገባች። ግሩፑ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነው የሰማው።

እሺ 1935ስ? ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ሲዘጋጅ እንግሊዝ የሜዲትራኒያን መርከቦቿን ከማልታ አውጥታ እስክንድርያ ነው የወሰደችው፣ የጣሊያን አውሮፕላን ከሲሲሊ ተነስቶ እንዳይደበድባቸው። ስዊዝንም አልዘጋችም፣ የጣሊያን ወታደር በዛው አልፎ መጣብን። ስጠይቃት ጋይዷ ፈገግ ብላ ስክሪፕቱ ላይ የለም አለች፣ እሷን አልወቅስም፣ ቱሩን ያዘጋጁት ናቸው የዘለሉት። ግን ለኔ የደሴቷ ታሪክ ዋናው እዚህ ጋ ነው፣ በ1942 የተዋጉላት ሊዋጉላት ስለቆረጡ ነው፣ በ35 ግን ጣሊያንን ጨርሰው ማስቀየም አልፈለጉም፣ ያው ወደብ ያው ግንብ ነው እኮ!

ከነጻነት በኋላ ያለውን (1964) ቶሎ ቶሎ ነው ያለፈችው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚንቶፍ በ1972 እንግሊዞች የሚከፍሉትን የጦር ሰፈር ኪራይ በዓመት ወደ 14 ሚሊዮን ፓውንድ ማስገባቱን ስትናገር ግን ኩራቷ ያስታውቃል፣ በማርች 31 1979 እንግሊዞቹ ጠቅልለው ወጡ።

ደረጃው ብዙ ነው፣ ጉልበት የሚያማችሁ አስቡበት። ከመሬት በታች ያለው የላስካሪስ ዋር ሩምስ (የእንግሊዞች የጦርነት ጊዜ ማዘዣ ክፍሎች) በኛ ቱር ውስጥ አልነበረም፣ ስትከፍሉ ምን ምን እንደሚጨምር ቀድማችሁ ጠይቁ።